የከሊላና ዲምና ተርጓሚ፣ የኢብን አል ሙቀፋ የሕይወት ታሪክ

የዚህን ሰው ታሪክ ከመጀመሬ በፊት አንዲት ተረት ላስቀድም።

አንድ መናኝ ከአንድ ነጋዴ ቤት በየቀኑ ቅቤና ማር ይሰጠው ነበር። እሱም ከምግቡ የተረፈውን በማሰሮ እያጠራቀመ ከቤቱ ማዕዘን ሰቅሎ ያኖረው ነበር። አንድ ቀን በጀርባው ተንጋልሎ፣ በትሩን በእጁ ይዞ፣ የተሰቀለውን ማሰሮ ሽቅብ እያየ ያስብ ጀመር። ቅቤና ማር ተወዶ ነበርና በሐሳቡ ማሰሮውን በአንድ ዲናር ሸጠ፤ በዲናሩም ዐሥር ፍየል ገዛ፤ ፍየሎቹ በየአምስት ወሩ ወለዱ፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ አራት መቶ ሆኑ፤ በፍየሎቹ ላምና በሬ ለወጠ፤ እርሻ አረሰ፤ ቤት ሠራ፤ ቆንጆ ሚስት አገባ፤ ወንድ ልጅም ተወለደለት። ይህ ሁሉ የሆነው እንደ ተንጋለለ ነው። ልጁንም በመልካም ሥነ ሥርዓት ሊያሳድገው ቈረጠ፤ አልታዘዝም ያለ እንደ ሆነ እንዴት አድርጎ እንደሚቀጣው ለማየት በትሩን ቢያነሣ ማሰሮውን መታው። ማሰሮው ተሰበረ፤ ቅቤውና ማሩም በፊቱ ላይ ፈሰሰ።

ይህች ተረት ስንት አገር እንደ ዞረች ልብ በሉ። በሕንድ አገር፣ በሳንስክሪት ቋንቋ በተጻፈው ፓንቻታንትራ በተባለው መጽሐፍ ውስጥ፣ ሰውዬው ብራህማን ነው፤ በማሰሮውም ውስጥ ያለው ዱቄት ነው፤ የሰበረውም በእርግጫ ነው። በስፔን አገር ዶን ሁዋን ማኑዌል የተባለው መስፍን በ1335 በፈጸመው መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ መናኙ ቀርቶ፣ የማር ማሰሮ በራስዋ ተሸክማ ወደ ገበያ የምትሄድ ሴት ተተክታበታለች። በፈረንሳይ አገር ላ ፎንቴን በ1678 ባሳተመው የተረት መጽሐፍ ላይ ማሩ ወተት ሆኖአል፤ ባለወተቲቱም ፔሬት ትባላለች፤ ስለ እንቁላሉ፣ ስለ ጫጩቶቹ፣ ስለ አሳማውና ስለ ላሚቱ እያሰበች በደስታ ስትዘል ወተትዋ ይደፋባታል። ከዱቄት ወደ ቅቤና ማር፣ ከማር ወደ ወተት! ዱቄቱ ከሕንድ ተነሥቶ እስከ ፈረንሳይ እንዲደርስ በመካከሉ አንድ ሰው አሻጋሪ ሆኖአል። ታሪኩን የምጽፈውም የዚህን ሰው ነው።

ኢብን አል ሙቀፋ የተወለደው ዛሬ ኢራን በምትባለው አገር፣ በፋርስ አውራጃ፣ ያን ጊዜ ጉር በምትባለው በዛሬዪቱ ፊሩዛባድ ከተማ፣ በ720 ገደማ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሩዝቢህ ነበረ፤ ቀኑ መልካም የሆነለት እንደ ማለት ነው። ስሙ እንደ ሠመረለት ወይም እንዳልሠመረለት አንባቢው ኋላ ይፈርዳል።

አባቱ ዳዶዬ በዚያን ዘመን ለነበሩት የኡመያ ገዢዎች ግብር ሰብሳቢ ነበረ። ከመንግሥት ገንዘብ አጉድሏል ተብሎ ተከሰሰ፤ በምርመራም እጁን እስኪኰማተር ድረስ አሠቃዩት። በዓረብኛ እጀ ኰማታን ሙቀፋ ይሉታል። ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ በዚሁ ስም ጠራው፤ ልጁም እስከ ዛሬ ድረስ የሚታወቀው ኢብን አል ሙቀፋ፣ ማለት የእጀ ኰማታው ልጅ እየተባለ ነው። በልጅነቱ ከማንኛውም ነገር አስቀድሞ የተማረው ትምህርት፣ ለሹማምንት ማገልገል ምን እንደሚያስከትል ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። የሚያስደንቀው ግን፣ ይህን እያየ አድጎ እሱም ያንኑ መንገድ መከተሉ ነው።

ዘመኑ ለፋርስ ሰዎች የውርደት ዘመን ነበረ። የመጨረሻው ንጉሣቸው ሦስተኛው ያዝደገርድ በ651 ከተገደለ ወዲህ መንግሥታቸው ጠፍቶ፣ አገራቸው በዓረቦች እጅ ወድቆ ነበር። ከ700 ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎም በኢራቅ የግብሩ መዝገብ የሚጻፍበት ቋንቋ ከፋርስኛ ወደ ዓረብኛ ተለወጠ። እንግዲህ እንጀራ የሚፈልግ ጸሐፊ ሁሉ የገዢዎቹን ቋንቋ ማወቅ ግድ ሆነበት። አባቱም ልጁን ወደ ባስራ ላከው። ባስራ በዚያን ጊዜ የነጋዴና የሊቃውንት ከተማ ነበረች፤ ከከተማዋም ዳር መርበድ በሚባለው ገበያ የበረሓ ዓረቦች ግመላቸውን ይዘው ይመጡ፣ ግጥማቸውንም ይወዳደሩ ነበር። ሩዝቢህ ንጹሑን ዓረብኛ ቋንቋው ከእናታቸው ጡት ጋር ከገባላቸው ሰዎች ተማረ። ተምሮም ከነሱ በለጠ። የዓረብኛን የስድ ንባብ ጽሑፍ መሠረት ከጣሉት ሰዎች ዋናው እሱ መሆኑን ዓረቦቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ። በትውልዱ ዓረብ ያልሆነ ሰው ይህን ማዕርግ ማግኘቱ፣ የሌላ ሕዝብ ቋንቋ በመማር ለምንደክም ተማሪዎች ተስፋ የሚሰጥ ነው።

ገና በወጣትነቱ በኪርማን አገር ለኡመያ ሹማምንት ጸሐፊ ሆነ። በ750 ግን የኡመያ መንግሥት ተገለበጠ፤ የዐባስ ወገኖች ሥልጣኑን ያዙ፤ የቀድሞውን መንግሥት አገልጋዮችም እያደኑ ይገድሉ ጀመር። ስለዚህ ጊዜ አንድ ነገር ይተረካል። የመጨረሻው የኡመያ ንጉሥ ዋና ጸሐፊ የነበረው ዐብድ አል ሐሚድ፣ የኢብን አል ሙቀፋ ወዳጅ ነበረና በሱ ቤት ተሸሽጎ ነበር። ወታደሮች ደርሰው ከሁለቱ ዐብድ አል ሐሚድ ማን እንደ ሆነ ቢጠይቁ፣ ሁለቱም እኔ ነኝ አሉ። እውነተኛው ዐብድ አል ሐሚድም ወዳጁ በሱ ፈንታ እንዳይገደል ስለ ፈራ፣ መልኬን በምልክት ለይታችሁ አረጋግጡ ብሎ ራሱን አስያዘ ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ዐብድ አል ሐሚድ ከንጉሡ ጋር በግብጽ አገር ሞተ ብለው ጽፈዋል። የትኛውም ይሁን የት፣ ሰዎች ይህን ስለ ኢብን አል ሙቀፋ ማውራታቸው በወዳጅነት በኩል ምን ዓይነት ስም እንደ ነበረው ያስረዳል። በተረጐመው መጽሐፍ ውስጥም ከሁሉ ይልቅ የሚወደደው ክፍል የአራቱ ወዳጆች፣ የቁራው፣ የአይጡ፣ የዔሊውና የሚዳቋው ታሪክ ነው፤ አንዱ በወጥመድ ሲያዝ ሦስቱ ሕይወታቸውን ለአደጋ ሰጥተው ያድኑታል።

እሱ ከሞት ተረፈ፤ ጥቂት ቈይቶም ለአዲሶቹ ገዢዎች ጸሐፊ ሆነ። ጌታው ዒሳ ኢብን ዐሊ የኸሊፋው የአል መንሱር አጐት ነበረ። እስከዚያ ድረስ ሩዝቢህ በአባቶቹ በዞራስተር ሃይማኖት ይኖር ነበርና፣ በዒሳ ፊት እስላም ለመሆን ወሰነ፤ ስሙም ዐብደላ ተባለ። ዒሳ ነገሩ በማግስቱ በሹማምንቱና በመኳንንቱ ፊት እንዲፈጸም ስለ ፈለገ አንድ ሌሊት አቈየው። በዚያ ምሽት ራት ሲበሉ ኢብን አል ሙቀፋ እንደ ፋርሶች ልማድ ከማዕዱ በፊት ጸሎቱን በለሆሳስ ማጉተምተም ጀመረ። ዒሳ ተገርሞ ነገ ሃይማኖቱን የሚለውጥ ሰው ይህን ለምን እንደሚያደርግ ቢጠይቀው፣ አንዲት ሌሊት እንኳ ያለ ሃይማኖት ማደር እንደማይወድ መለሰለት ይባላል። ይህ መልስ ቀልድ ይሁን ቁም ነገር ለማወቅ አስቸጋሪ ነው፤ ከሞተ በኋላ ጠላቶቹ ልቡ አልተለወጠም እያሉ ስሙን አጥፍተውታል።

አሁን ወደ መጽሐፉ እንምጣ። በ531 እና በ579 መካከል በፋርስ የነገሠው ኮስሮ አኑሺርዋን ጥበብ ወዳድ ንጉሥ ነበረ። በሕንድ አገር ነገሥታት መንግሥታቸውን የሚመሩበት የጥበብ መጽሐፍ መኖሩን ሰምቶ ቡርዞይ የተባለውን ሐኪም ወደዚያ ላከው። አንዳንዶች ሲተርኩት፣ ቡርዞይ በመጀመሪያ የሄደው ሙታንን የሚያስነሣ ዕፅ ሊፈልግ ነው፤ በተራራ ቢወጣ በሸለቆ ቢወርድ ዕፁን አጣ፤ በመጨረሻም አንድ ሽማግሌ ሙታን የተባሉት ያልተማሩ ሰዎች፣ ዕፁም መጽሐፉ እንደ ሆነ ገለጠለት። ቡርዞይም መጽሐፉን በብዙ ድካም አግኝቶ፣ ፓህላዊ ወደሚባለው ወደ ቀድሞው ፋርስኛ ተረጐመው። ከሁለት መቶ ዓመት ያህል በኋላ፣ በ750 አካባቢ፣ ኢብን አል ሙቀፋ ያንን የፓህላዊ ጽሑፍ ወደ ዓረብኛ መለሰው። የቡርዞይ ጽሑፍ ኋላ ጠፍቶአል፤ ዛሬ አንድ ቅጠል እንኳ አይገኝም።

የመጽሐፉ ስም የተወሰደው ከሊላና ዲምና ከሚባሉ ሁለት ቀበሮዎች ነው። ሁለቱም በአንበሳው ንጉሥ ደጅ የሚጠኑ ናቸው። ከሊላ ባለው የሚረካ፣ ዲምና ግን ሹመት የሚያቅበጠብጠው ነው። አንበሳው ከዚያ በፊት ሰምቶት የማያውቀውን የበሬ ግሣት ሰምቶ ሲፈራ፣ ዲምና በሬውን አምጥቶ ያስተዋውቀዋል። በሬውና አንበሳው እጅግ ይዋደዳሉ፤ ዲምናም ይረሳል። ስለዚህ በቅናት ተነሥቶ ለአንበሳው በሬው ሊከዳህ ነው ይለዋል፤ ለበሬውም አንበሳው ሊበላህ ነው ይለዋል። በመጨረሻ ሁለቱ ሲገናኙ እያንዳንዱ በሌላው ፊት የተነገረውን ምልክት ያያል፤ አንበሳውም በንጹሑ በሬ ላይ ተነሥቶ ይገድለዋል። አዳራሽ ባለበት አገር ሁሉ ይህ ነገር ሳይሆን የቀረበት ጊዜ ያለ አይመስለኝም።

ኢብን አል ሙቀፋ በመቅድሙ ላይ መጽሐፉ ስለ ምን በእንስሳት አፍ እንደ ተነገረ ያስረዳል። ልጆች በጨዋታው ተስበው እንዲያነቡት፤ ነገሥታት በሥዕሉ ደስ እንዲላቸው፤ ሰው ሁሉ እየገለበጠው እንዳይጠፋ፤ የመጨረሻው ደግሞ ለፈላስፎች ብቻ የተተወ ነው። ተረቱን ሰምቶ ስቆ የሚሄደውንም ሰው፣ ለውዙን ከነቅርፊቱ ይዞ እንደሚቀር ሰው ይቈጥረዋል። ስለ ሥዕሉ ያሰበው በእውነት ደረሰለት፤ ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የተጻፉ፣ ሥዕላቸው እጅግ የሚያምር ብዙ የዓረብኛ ቅጂዎች ዛሬ በታላላቅ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ።

ይህ ሰው ግን በእንስሳት አፍ ብቻ የሚናገር አልነበረም። ለኸሊፋው የሚቀርብ አንድ ደብዳቤም ጽፎአል። በዚያ ደብዳቤ የወታደሩ ደመወዝ በታወቀ ቀን እንዲከፈል፣ ወታደሮች በግብር ሥራ ላይ እንዳይሾሙ፣ የመሬት ግብርም በመዝገብ እንዲወሰን ይመክራል። ከሁሉ የሚበልጠው ስለ ፍርድ የጻፈው ነው። በሒራ ዳኞች ዘንድ የተፈቀደው በኩፋ ዳኞች ዘንድ ይከለከል ነበር፤ በኩፋ ውስጥ እንኳ በአንዱ ሰፈር የሰው ደም የሚያስፈስሰው ነገር በሌላው ሰፈር ነጻ ያወጣ ነበር። ስለዚህ ኸሊፋው ፍርዶቹን ሁሉ አስሰብስቦ፣ መርምሮ፣ አንድ የሕግ መጽሐፍ እንዲያወጣ ለመነው። ምክሩ አልተፈጸመም። ከጻፋቸው ሌሎች መጻሕፍት አንዱ ደግሞ ከሹማምንት ጋር የሚኖር ሰው እንዴት መጠንቀቅ እንዳለበት የሚያስተምር ነው። ያንን መጽሐፍ የጻፈው ሰው ራሱ ምን ያህል እንደ ተጠነቀቀ አሁን እናያለን።

ኢብን አል ሙቀፋ አንድ ጉድለት ነበረው፤ ምላሱ ነበረ። ምላስ አጥንት የላትም፣ አጥንት ግን ትሰብራለች ይባል የለም? ሱፍያን ኢብን ሙዓዊያ የተባለው ሹም አፍንጫው እጅግ ትልቅ ነበረ። ኢብን አል ሙቀፋም ወደ ሱፍያን በገባ ቍጥር፣ አፍንጫውን እንደ ሁለተኛ ሰው ቈጥሮ፣ ለሁለታችሁም ሰላም ይሁን እያለ ሰላምታ ይሰጥ ነበር። የተሰበሰበው ሰው ይስቃል፤ ሱፍያን ግን አይስቅም። በእናቱም ላይ ክፉ ቃል ጨመረበት ይባላል። ሱፍያን ነገሩን በልቡ ይዞ ጊዜ ይጠብቅ ጀመር።

ጊዜውም መጣ። በ754 ከኸሊፋው አጐቶች አንዱ ዐብደላ ኢብን ዐሊ ዘውዱ ይገባኛል ብሎ ሸፈተ፤ ተሸነፈና ሸሽቶ በባስራ ከወንድሙ ከሱሌማን ዘንድ ተጠለለ። ሱሌማን የከተማዪቱ ገዢ ነበረና ወንድሙን አሳልፎ አልሰጥም አለ። በመጨረሻ ኸሊፋው ምሕረት ሊሰጠው ተስማማ። ወንድማማቾቹ ግን የአል መንሱርን ቃል አላመኑም፤ ማመን የማይገባ መሆኑንም ያውቁ ነበር። የምሕረቱን ደብዳቤ ማምለጫ ቀዳዳ ሳይተው እንዲጽፍ ለኢብን አል ሙቀፋ አዘዙት። እሱም እንደ ታዘዘው ጻፈ። ኸሊፋው ይህን ቃል ያፈረሰ እንደ ሆነ፣ ሚስቶቹ ከሱ የተፈቱ፣ ባሪያዎቹ ነጻ የወጡ፣ ሕዝቡም ከመሐላው የተለቀቀ ይሁን የሚል ቃል አገባበት። ይህ ማለት አጐትህን የነካህ ቀን ንጉሥ መሆንህ ቀረ ማለት ነው። ኸሊፋው እንዲፈርምበት የቀረበለት ጽሑፍ እንዲህ ያለ ነበረ!

እኔ ይህን ታሪክ ሳነብ ቈም ብዬ ያሰብሁት እዚህ ላይ ነው። ኢብን አል ሙቀፋ ቃሉን ለዘብ አድርጎ መጻፍ ይችል ነበር። ጌቶቹ የሕግ ሰዎች አልነበሩም፤ ቀዳዳውን ባላወቁበት። እሱም ራሱን ባዳነ ነበር። እሱ ግን የተደበቀው ሰው ሕይወት በዚያ ወረቀት ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን አውቆ፣ ወረቀቱን የሚቻለውን ያህል አጠነከረው። ይህ ድፍረት ነው ወይስ አለመጠንቀቅ? ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም።

አል መንሱር ደብዳቤውን አንብቦ ተቈጣ፤ ጸሐፊው ማን እንደ ሆነም ጠየቀ። ስሙን በነገሩት ጊዜ፣ ከዚህ ሰው የሚገላግለው እንደሌለ በምሬት ተናገረ ይላሉ። ይህ ቃል ወደ ሱፍያን ጆሮ ደረሰ። ብዙም ሳይቈይ ሱሌማን ከባስራ ገዢነት ተሻረና በቦታው ሱፍያን ተሾመ። አንድ ቀን ዒሳ ኢብን ዐሊ ጸሐፊውን ለጉዳይ ወደ ሱፍያን ቤት ላከው። ኢብን አል ሙቀፋ ገባ፤ ተመልሶም አልወጣም። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ ሱፍያን እቶን አስነድዶ የእጅና የእግሩን ብልቶች እያስቈረጠ እያየ ወደ እሳቱ አስጣላቸው። ይህ የሆነው በ757 ገደማ ነው። ዕድሜው አርባ ዓመት አልሞላም ነበር።

ዒሳና ሱሌማን ለደሙ ተነሡ። ሱፍያንን አስይዘው በኸሊፋው ፊት አቆሙት፤ ኢብን አል ሙቀፋ በሱፍያን በር ሲገባ ያዩ፣ ሲወጣ ግን ያላዩ ምስክሮችም አመጡ። አል መንሱር ምስክሮቹን ሰማቸው፤ ከሰማም በኋላ አንድ ነገር ጠየቃቸው። እኔ በእናንተ ቃል ሱፍያንን ብገድለው፣ ኢብን አል ሙቀፋም በሕይወቱ በዚያ ከኋላዬ ባለው በር ቢወጣ፣ እናንተን ምን የማደርጋችሁ ይመስላችኋል የሚል ጥያቄ ነበረ። ምስክሮቹ ነገሩ ገባቸው። ኸሊፋው ግድያውን የሚወደው መሆኑን ዐውቀው ቃላቸውን አነሡ። ሱፍያን በነጻ ተለቀቀ። ምሕረቱ የተጻፈለት ዐብደላ ኢብን ዐሊም ከታሰረ በኋላ በ764 ታስሮበት የነበረው ቤት ተደርምሶበት ሞተ፤ ቤቱ መሠረቱ ሆን ተብሎ በጨው የተሠራ ነበር የሚሉም አሉ።

ሰውዬው እንዲህ ሆኖ ቀረ፤ መጽሐፉ ግን ጕዞውን ቀጠለ። በ11ኛው መቶ ዓመት ስምዖን ሴት የተባለው ሊቅ በቢዛንጥያ ወደ ግሪክ ቋንቋ መለሰው። በ1251 ኋላ ንጉሥ አልፎንሶ ጠቢቡ ለተባለው የካስቲል መስፍን ወደ ስፓኝ ቋንቋ ተተረጐመ። በ12ኛው መቶ ዓመት ረቢ ኢዮኤል ወደ ዕብራይስጥ መልሶት ነበርና፣ ከዚያ ደግሞ በ13ኛው መቶ ዓመት የካፑዋው ዮሐንስ ወደ ላቲን ገለበጠው፤ ከላቲኑ ጀርመንኛው፣ ጣሊያንኛውም ወጣ፤ ከጣሊያንኛው ቶማስ ኖርዝ በ1570 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ፋርሶችም የራሳቸው መጽሐፍ ስለ ጠፋባቸው ከዓረብኛው መልሰው ተረጐሙት። በ1644 ከፋርስኛው የተወሰደ የፈረንሳይኛ ትርጉም በፓሪስ ታተመ፤ ላ ፎንቴንም በ1678 ባሳተመው መጽሐፉ መቅድም ላይ ብዙውን ነገር ያገኘው ከሕንዳዊው ጠቢብ ከፒልፓይ መሆኑን ገልጦ አመስግኖአል። እጀ ኰማታውን ግን የጠቀሰው የለም።

አገራችንም ከዚህ ጕዞ ፈጽማ አልራቀችም። ከሊላና ዲምና በሚጀምርበት በቡርዞይ ታሪክ ውስጥ አንድ ምሳሌ አለ። አንድ ሰው ከተቈጣ ዝሆን ሸሽቶ በጕድጓድ ውስጥ በሁለት ቅርንጫፎች ተንጠለጠለ፤ በታች ዘንዶ አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል፤ በእግሮቹ ሥር አራት እባቦች አሉ፤ የተንጠለጠለባቸውንም ቅርንጫፎች አንድ ጥቁርና አንድ ነጭ አይጥ ይቈረጥሙአቸዋል። ሰውዬው ግን በአጠገቡ ጥቂት ማር አይቶ፣ እሱን እየላሰ ሁሉን ረሳ። ይኸው ምሳሌ በረላምና ይዋሰፍ በሚባለው በሌላው ታላቅ መጽሐፍ ውስጥም ይገኛል፤ በዚያ ላይ ዝሆኑ ባለአንድ ቀንድ አውሬ ሆኖአል። ያንን መጽሐፍ ከየመን አገር መጥተው የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የሆኑት አባ ዕንባቆም በ1553፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ ተርጕመውታል። ስለዚህ በገዳም የተቀመጠ የግዕዝ አንባቢ እነዚያን ሁለት አይጦች ካወቃቸው ከአራት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

አንድ ነገር ይቀረኛል። በሕንዱ መጽሐፍ ውስጥ በሬው ከሞተ በኋላ ተንኰለኛው ቀበሮ አይቀጣም፤ እንዲያውም የአንበሳው አማካሪ ሆኖ ይቀመጣል። በዓረብኛው ግን የዲምና ክስ የሚባል ረዥም ምዕራፍ ተከትሎአል። ይህ ምዕራፍ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ሊቃውንትን ሲያከራክር ነበር። በኢብን አል ሙቀፋ እጅ የተጻፈ ቅጂ የለም፤ ዓመቱ ከተጻፈባቸው የዓረብኛ ቅጂዎች እጅግ የቈየው የ1221 ነው፤ ቅጂዎቹም እርስ በርሳቸው ብዙ ይለያያሉ። በ1870 ግን ከዓረብኛው የሚቀድም፣ በ570 ገደማ ከፓህላዊው ወደ ሱርስት የተተረጐመ ቅጂ በማርዲን ከተማ ተገኘና በ1876 ታተመ። ቢመለከቱት የዲምና ክስ የለበትም። ስለዚህ አብዛኞቹ ሊቃውንት ምዕራፉን የጨመረው ኢብን አል ሙቀፋ ራሱ ነው ይላሉ።

ምዕራፉም እንዲህ ነው። አንበሳው በሬውን ከገደለ በኋላ ይጸጸታል። ነብሩ በሌሊት ሲያልፍ ከሊላ ዲምናን ስለ ክፋቱ ሲወቅሰው ይሰማና ለአንበሳው እናት ይነግራታል። እናቲቱም ደሙ እንዲመረመር ልጅዋን ትወተውተዋለች። ዲምና በዳኛ ፊት ይቀርባል፤ ምላሱ የተባ ነውና ከሳሾቹን አንድ በአንድ ያሳፍራቸዋል፤ ፍርዱም በማስረጃ ማጣት ይጓተታል። በመጨረሻ ነብሩ ቀርቦ የሰማውን ይመሰክራል። በዚያው ወኅኒ ታስሮ የነበረ አንድ ሌላ አውሬም ዲምናና ከሊላ በእስር ቤት ሲነጋገሩ ሰምቶ ነበርና፣ ይህን በሰማ ጊዜ መጥቶ ይመሰክራል። አንበሳው እስከ ዛሬ ስለ ምን ዝም እንዳሉ ሲጠይቃቸው፣ የአንድ ምስክር ቃል ብቻውን እንደማያስፈርድ ስላወቁ መሆኑን ይነግሩታል። ሁለት በሆኑ ጊዜ ግን ፍርዱ ይፈጸማል፤ ዲምናም በእስር ቤቱ ይሞታል። ምዕራፉ በግሪኩም፣ በዕብራይስጡም፣ በስፓኙም፣ በላቲኑም ውስጥ አለ፤ በሁሉም ሁለቱ ምስክሮች ይመጣሉ፤ በሁሉም ንጉሡ ይሰማቸዋል።